ፓሊድ ማንዛኒታ፦ በኦክላንድ ኮረብቶች የአራት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ከጉዞው በፊት

ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ ለሚነሳ ሰው ቅርቡ የሃክልቤሪ ሸንተረር ነው። በዚህ ማስታወሻ ግን ሃክልቤሪ ሦስተኛው ቀን ላይ ተቀምጧል። ምክንያቱ በሃክልቤሪ አፈር ውስጥ ያለ፣ በጫማ ሥር የሚጓዝ በሽታ ነው። አንድ ስኒ የማይሞላ ጭቃ ፓሊድ ማንዛኒታ የሚባለውን ብርቅ ቁጥቋጦ ሊያጠፋው ስለሚችል የጉዞውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን አፈሩ ነው።

ፓሊድ ማንዛኒታ፣ ማለትም ቅጠሉ ፈዘዝ ያለው ማንዛኒታ፣ በዓለም ላይ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው በካሊፎርኒያ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ፣ በአላሜዳና በኮንትራ ኮስታ አውራጃዎች ኮረብቶች ላይ። ዋና መኖሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከኦክላንድ በላይ ያለው የሃክልቤሪ ሸንተረር፣ ሌላው በስተሰሜን በኤል ሶብራንቴ ያለው የሶብራንቴ ሸንተረር። የቀረው በመንገድ ዳርና በቤቶች መካከል የተበታተነ ጥቂት ነው። የሚበቅልበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ200 እስከ 445 ሜትር ገደማ ነው። በእኛ አገር ሚዛን ቆላ ይባላል፤ እዚህ ግን ዝናብ በማይጥልባቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው ጭጋግ ሸንተረሩን እየሸፈነ ቀዝቃዛና እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል።

ለዚህ ተክል ሳይንሳዊ ስም ያወጣችለት የዕፀዋት ተመራማሪዋ አሊስ ኢስትውድ ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1933 ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1979 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አስገባው። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1998 አደጋ ያንዣበበባቸው በሚለው መደብ መዘገበው። ማንዛኒታ በስፓኒሽ «ትንሽ ፖም» ማለት ነው፤ ፍሬው አተር የምታክል ፖም ይመስላል። ዘመዱን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በደንብ ያውቀዋል። በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ያለው አስታ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህ ዝምድና ሦስተኛው ቀን ላይ ስለ እሳት ሲነሳ ይጠቅማል።

አበባውን ለማየት ጥሩው ጊዜ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች (ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ መንገድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት። ወራቱ የዝናብ ናቸው። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ እስኪጠነፍፍ ሁለትና ሦስት ቀን መታገሥ ግድ ነው። ያ ትዕግሥት ከዚህ በታች ከሚዘረዘረው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል።

ዕቃው ይህን ያህል ነው፦ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ጠንካራ የልብስ ወይም የወለል ብሩሽ፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ቢላ ወይም ዘንግ፣ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርጫ ጠርሙስ፣ ጥንድ ጥንዱን ለየብቻ የሚይዝ ወፍራም ፌስታል፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ረጅም ሱሪና እጅጌ፣ ሳሙናና ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ። መርጫው ውስጥ የሚገባው 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ፋርማሲው ያለው 91 በመቶ ብቻ ከሆነ 385 ሚሊ ሊትር አልኮል ከ115 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ጠንከር ያለው ይሻላል ብሎ ሳያቀጥኑ መርጨት ስሕተት ነው፤ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። አልኮሉ እሳት ስለሚይዝ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተውም።

ቀን 1፦ ቲልደን፣ ዓይንን ማሠልጠን

በርክሌይ አናት ላይ፣ በቲልደን ፓርክ ውስጥ፣ የካሊፎርኒያን አገር በቀል ዕፀዋት ብቻ የያዘ የዕፀዋት ማዕከል አለ። መግቢያው ነፃ ነው። በር የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ሳውዝ ፓርክ ድራይቭ የተባለው መንገድ ከኅዳር 1 እስከ መጋቢት 31 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለመኪና ዝግ ነው። በዝናቡ ወራት ኒውት የሚባሉት እንሽላሊት መሳይ እንስሳት ለመራባት ወደ ውሃው ሲሄዱ መንገዱን ስለሚያቋርጡ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ በዋይልድካት ካንየን ሮድ በኩል መግባት ያስፈልጋል።

እዚህ የሚመጣው ለመደሰት ብቻ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የማንዛኒታ ዝርያ በጣም ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ቀይ ግንድና እንስራ መሳይ አበባ አላቸው። ስም ከተጻፈበት ተክል አጠገብ ቆሞ ልዩነቱን ያላጠና ሰው ጫካ ውስጥ ሲገባ ይደናገራል። ሦስት ቦታ በቅደም ተከተል ይታያል።

መጀመሪያ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። የፓሊድ ማንዛኒታ ቅጠል ዘንግ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግርጌው እንደ ሁለት ጆሮ ወጣ ብሎ ቅርንጫፉን ያቅፋል። ቅጠሎቹ ተጠጋግተው አንዱ የሌላውን ግማሽ ስለሚሸፍን ቅርንጫፉ በሣር ክዳን የተሸፈነ ቤት ይመስላል። ርዝመታቸው ከ2.5 እስከ 4.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለማቸው አመድ የተነሰነሰበት አረንጓዴ ነው፤ የስሙ መነሻ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ለጋው ቅርንጫፍ። በመነጽሩ ሲታይ ረጃጅም ቀጥ ያሉ ፀጉሮች አሉት።

ሦስተኛው የግንዱ እግር ነው፤ ዋናው መለያ እዚህ አለ። በሃክልቤሪ ከእሱ ጎን የሚበቅል ክሩስታሲያ የሚባል ሌላ ማንዛኒታ አለ። የእሱ ግንድ መሬት ላይ ሲደርስ እንደ ትልቅ ጉጥ ያብጣል፤ ቅጠሉም ግልጽ ዘንግ አለው። ፓሊድ ማንዛኒታ ጉጥ የለውም። ግንዱ ለስላሳና ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ይገባል።

አበባውን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ አፏ ወደ ታች የተደፋ፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ የነካካት ትንሽ እንስራ ናት። ዱቄተ ዘሩ ያለባቸው ከረጢቶች ጫፋቸው ላይ እንደ ጨው መነስነሻ የተበሱ ናቸው። ባምብልቢ የሚባለው ጠጉራም ትልቅ ንብ አፏን ጨብጦ ይንጠለጠልና ክንፉን ሳያርገበግብ ጡንቻውን ያንቀጠቅጣል፤ ያን ጊዜ ዱቄቱ ይረግፋል። ፀጥ ባለ ጠዋት ድምፁ ከበረራው ድምፅ የተለየ፣ ቀጭንና አጭር ሆኖ ይሰማል። አንዳንድ አበባ ላይ ጎኑ የተበሳ ቀዳዳ ይታያል። የአበባ ማሩን በአቋራጭ የጠጣ ነፍሳት ሥራ ነው፤ በሽታ አይደለም።

ከዕፀዋት ማዕከሉ መሥራቾች ግንባር ቀደሙ ጄምስ ሩፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የሎረል ሂል መካነ መቃብር በቡልዶዘር ሲታረስ እዚያ የነበረውን የፍራንሲስካን ማንዛኒታ ካዳኑት ሰዎች አንዱ ነው። ያ ዝርያ ከዱር ጠፋ ተብሎ ሲኖር በ2009 በወርቃማው በር ድልድይ መዳረሻ፣ መንገድ ሊሠራበት በተቆረጠ ቦታ አንድ ቁጥቋጦ ተገኘ፤ በጥር 2010 ከነአፈሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተተከለ። የተተከለበት ቦታ ለሕዝብ አይነገርም። መፈለግም አይገባም።

ከቲልደን ሲወጣ ጫማው ይጸዳል። የችግኝ ማሳደጊያና የተተከለ ቦታ አፈር ሁሉ ለዚህ በሽታ ጥሩ መተላለፊያ ነው።

ቀን 2፦ ሶብራንቴ

በሁለተኛው ጥንድ ጫማ። ከሳን ፓብሎ ዳም ሮድ ወደ ካስትሮ ራንች ሮድ፣ ከዚያ በኮኔስቶጋ ዌይና በካሪጅ ድራይቭ አድርጎ ኮች ድራይቭ ላይ ይደረሳል። መግቢያው መኖሪያ ሠፈር ውስጥ ነው። የሰው ቤት በር ላይ መኪና ላለማቆም መጠንቀቅ ጨዋነት ነው፤ እነዚህ ጎረቤቶች የቁጥቋጦው የቅርብ ጠባቂዎች ናቸው።

መንገዱ በሣርና በኦክ ዛፍ መካከል ያልፋል። ሣሩ ያለበት አፈር በክረምት እንደ መረሬ ነው፤ ጫማ ላይ እየተደራረበ እግርን ያከብዳል። ማንዛኒታው ወዳለበት ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ቆሞ ጭቃውን በዘንግ መፋቅና በብሩሽ መጥረግ ይገባል። ጭቃውን ከጫማ አንሥቶ ቁጥቋጦው ሥር መጣል ግን ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል፤ መንገዱ ላይ፣ ከተክሉ በታች ባለው ቁልቁል በኩል ይራገፋል። ውሃ የሚወርደው ወደ ታች ስለሆነ አፈሩም ከተክሉ ርቆ ይሄዳል።

ማንዛኒታው የቆመበት አፈር ስስ ነው። ሥሩ ያለው ድንጋይ ሼልና ቸርት ይባላል። ቸርት የባልጩት ዘመድ ነው፤ ከባሕር ወለል ላይ ከተከማቹ ደቂቅ ፍጥረታት ቅሪት የተሠራ፣ ጠንካራና ለተክል ምግብነት የሚሆን ነገር ብዙም የሌለው። ድሃ አፈር መሆኑ ለማንዛኒታው መልካም ዕድል ነበር። ረጃጅም ዛፎች በቀላሉ አይበረቱበትም፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚከለክለው አልነበረም። በሶብራንቴ አሳሳቢው ነገር ብቸኝነቱ ነው። ይህ ክምችት ከሃክልቤሪው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዙሪያውን በቤት ተከቦ ያለ ደሴት ነው። አንድ ክፉ አጋጣሚ ቢደርስበት ከአጠገቡ የሚተካው ዘር የለም።

ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከመንገዱ አለመውጣት ሕግም ነው፣ ግዴታም ነው። ከቁጥቋጦዎቹ መካከል ባዶ የሚመስለው መሬት ባዶ አይደለም፤ የዘሩ ጎተራ እሱ ነው።

ቀን 3፦ ሃክልቤሪ

የመኪና ማቆሚያው ስካይላይን ቡሌቫርድ ላይ ነው። ዙሪያውን ተጉዞ መመለሻው 1.7 ማይል፣ ማለትም 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዓይን ጊዜ የሚሰጥ ሰው ሦስት ሰዓት ይመድብ። ውሻና ብስክሌት አይፈቀድም፤ ከፓርኩ ቅጠልም ሆነ ፍሬ መውሰድ ክልክል ነው።

ዝቅ ያለውን መንገድ አስቀድሞ ላይኛውን ለመመለሻ መተው ይሻላል፤ ጨለማውን ጫካ በጠዋት አልፎ ፀሐይ ከፍ ስትል ማንዛኒታው ዘንድ ይደረሳል። መንገዱ ቤይ ሎረል በሚባል ሽታ ያለው ዛፍ ጥላ ሥር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ለቦታው ስም የሰጠው ሃክልቤሪ ትንንሽ፣ የሚያብረቀርቅና ጠርዙ ጥርስ ያለው ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ነው። በጥር ቅጠል ሳያወጣ ቢጫ አበባ የሚያንጠለጥል ሌዘርውድ የሚባል ሌላ ብርቅ ተክልም አለ፤ ቅርንጫፉ እንደ ጠፍር ይታጠፋል፣ አይሰበርም።

እዚህ በጣም የሚያታልለው ፖይዝን ኦክ ነው። በበጋ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ስለሚወጣ ይታወቃል፤ በክረምት ግን ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን የቆመ ተራ እንጨት ይመስላል። ዘይቱ በቅርንጫፉም ላይ አለ። የነካ ሰው ወዲያው፣ ቢቻል በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። ሽፍታው የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሳይታጠቡ መቅረት የተለመደ ስሕተት ነው። መዥገርም በዝናቡ ወራት ይበዛል፤ ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተትና ማታ ብብትንና ጉልበት ሥርን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ላይኛው መንገድ ላይ ከደረሱ በኋላ አጭር ቅርንጫፍ መንገድ ወደ ገላጣው ጉብታ ይወስዳል። ጥላው በአንድ ጊዜ ያልቃል። መሬቱ ጠጠርና ስባሪ ቸርት ነው። ፓሊድ ማንዛኒታ እዚህ ከ2 እስከ 4 ሜትር ቁመት አለው። ያረጀ ግንድ አጠገብ ጠጋ ብሎ (ሳይነኩ) ማየት ብዙ ያስተምራል። ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ለስላሳና ደም መሳይ ቀይ ነው። በአንዳንዱ ግንድ ላይ ግን አብዛኛው እንጨት ደርቆ ግራጫ ሆኖ፣ ሁለት ጣት የሚያክል ቀይ የሕይወት መስመር ብቻ ከሥር እስከ ጫፍ ይወጣል። ያ መስመር ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ሁሉ ይመግባል። ይህ የማንዛኒታ የእርጅና ጠባይ ነው፤ «ሞቷል» ብሎ የሚቆርጠው ሰው ሕያው ተክል ይገድላል።

የሚያሳስበውን ከማያሳስበው መለየት እንዲህ ነው። ታችኛው ቅርንጫፍ ራቁቱን ቀርቶ ቅጠል ጫፍ ላይ ብቻ ካለ፣ ቀና ሲሉ ከላዩ ዛፍ ይታያል፤ ችግሩ ጥላ ነው። ከጤነኛ ቁጥቋጦ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከጫፉ እየደረቀ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ የቅርንጫፍ ፈንገስ ነው። ቅጠሉ ላይ ቀይ ያበጠ ከረጢት ከታየ አፊድ የሚባል የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ቤት ነው፤ ጉዳቱ ቀላል ነው። ሙሉው ቁጥቋጦ ከዳር እስከ ዳር ደብዝዞ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ከዚያ ቅጠሉን ሳያራግፍ ቡናማ ከሆነ ግን፣ በተለይም ከመንገድ ወይም ከውሃ መውረጃ በታች ያሉት ተራ በተራ እንዲህ ከሆኑ፣ የሚጠረጠረው ፋይቶፍቶራ ነው።

ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ ሻጋታ ይመስላል እንጂ ፈንገስ አይደለም። መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1922 ሱማትራ ላይ ከታመመ የቀረፋ ዛፍ ስለሆነ ስሙ ከቀረፋ የመጣ ነው። በዓለም ዙሪያ የአቮካዶን ሥር የሚያበሰብሰውም እሱው ነው። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ በሁለት ጭራ የሚዋኙ ደቂቅ ዘሮች ያወጣል፤ እነሱ ቀጫጭን ሥሮችን ፈልገው ይጣበቃሉ። አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ወፍራም ግድግዳ ያለው ዘር ሆኖ ለዓመታት ይተኛል። በደረቅ ጫማ ላይ ያለ ደረቅ ጭቃ አደጋ የለውም ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። በሃክልቤሪ አካባቢ በሽታው እንዳለ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ ይታወቃል። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ከጫካ ነቅሎ የሚያወጣው ዘዴ የለም። ያለው መፍትሔ ወዳልደረሰበት እንዳይደርስ መከላከል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ እሳት ነው። በባሌ ላይ እረኞች አስታውን ሲያቃጥሉት፣ አፈር ሥር ካለው ጉጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቁጥቋጦው ይመለሳል። ክሩስታሲያ ማንዛኒታም እንደዚያው ነው። ፓሊድ ማንዛኒታ ግን ጉጥ ስለሌለው እሳት የነካው ተክል ይሞታል። የሚመለሰው በዘሩ ነው። ዘሩ ጠንካራ ገለባ ውስጥ ሆኖ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ እንዲበቅል የሚቀሰቅሰው የእሳት ምልክት፣ በተለይ ጭሱና ከሰሉ የሚለቁት ኬሚካል ነው። አይጥና ሌሎች ጥርሳም እንስሳት ቆፍረው ያከማቹት ዘር ጥልቅ ስለሚሆን ከነበልባሉ ይተርፋል።

ስለዚህ ይህ ተክል እሳትን ይፈልገዋል፣ በእሳትም ይሞታል። እሳቱ ከራቀ ቤይ ሎረሉ፣ ኦኩ፣ ሰው ያመጣው የሞንቴሬ ፓይንና ባሕር ዛፉ በላዩ ያድጋሉ (ባሕር ዛፉ አዲስ አበባን የሞላው ያው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው)። እሳቱ ከተደጋገመ ደግሞ ችግኙ ዘር ሳያፈራ ይቃጠላል። ሆን ብሎ ማቃጠል እንዳይቻል ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በጥቅምት 1991 የኦክላንድ ኮረብቶች ቃጠሎ 25 ሰው መግደሉንም ነዋሪው አልረሳም። አሁን የሚሠራው ጥላ የሚጥሉትን ዛፎች እየመረጡ መቁረጥ ነው። ያ ያሉትን አዋቂ ቁጥቋጦዎች ያቆያል፤ አዲስ ትውልድ በብዛት የሚያወጣው ግን እሳት ነው። እኛ እንደምናየው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ዛፍ መቁረጥ ጊዜ ይገዛል እንጂ የእሳትን ሥራ አይተካም።

ወደ መኪናው ሲመለሱ ጽዳቱ በዚህ መልክ ይከናወናል፦ የሶሉ ቦይ ውስጥ ያለው ጭቃ በዘንግ ይወጣል፤ ሶሉ፣ ጠርዙና ማሰሪያው በብሩሽ ይጠረጋል፤ ጥቁሩ ጎማ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ አልኮሉ ጎማው እስኪያንጠባጥብ ይረጫል፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። በጭቃ ላይ አልኮል መርጨት ከንቱ ነው፤ ላዩን አርሶ ውስጡ ያለውን ዘር ሳይነካ ይተናል። የመራመጃ ዱላ ጫፍና የካሜራ መቆሚያ እግር ይረሳሉ፤ እነሱም ይጸዳሉ። ጫማው ፌስታል ውስጥ ታስሮ በንጹሕ ጫማ ይነዳል።

ማታ ወደ ኦክላንድ ቴሌግራፍ አቬኑ ወርዶ እንጀራ መብላት ይቻላል፤ ጎዳናው ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ።

ቀን 4፦ ስካይላይን እና መሰብሰቢያ

ጠዋት በስካይላይን ቡሌቫርድ በዝግታ መንዳት በቂ ነው። በቤቶች አጥርና በመንገድ ዳር ያሉት የመጨረሻ ቁጥቋጦዎች የሚጋጥማቸውን ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይቻላል። እሳት ለመከላከል ተብሎ ደረቅ ነገር ሲጠረግ አብረው ይቆረጣሉ። ሌላው ችግር ለዓይን አይታይም፤ ሰዎች ለጌጥ የሚተክሉት የሌላ ማንዛኒታ ዱቄት በንብ እየመጣ ከፓሊዱ ጋር ይዳቀላል። በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ሌላ ማንዛኒታ ከመትከል ቢቆጠቡና ግቢያቸው ውስጥ ቅጠሉ ቅርንጫፉን ያቀፈ ቀይ ግንድ ካዩ መጋዝ ከማንሣታቸው በፊት ከተማውን ወይም ፓርኩን ቢጠይቁ አንድ ዝርያ ይረዳሉ። ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛ ማናቸውም ተክል ሥሩ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ አይገዛ።

ፎቶዎቹን አይናቹራሊስት ላይ (ሰዎች ያዩትን ዕፀዋትና እንስሳት የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ነው) የሚያስገባ ሰው የቅጠሉን ግርጌ፣ የግንዱን እግርና ሙሉውን ቁጥቋጦ የሚያሳዩ ሦስት ሥዕሎች ያስገባ፤ አበባው ብቻ ዝርያውን አይለይም። ድረ ገጹ አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ ራሱ ይደብቃል። ያው ፎቶ በስልክ ለወዳጅ ሲላክ ግን ቦታው አብሮ ሊሄድ ስለሚችል የስልኩ የቦታ መረጃ አስቀድሞ ይጥፋ።

ሁለቱ ጥንድ ጫማዎች ቤት ሲደርሱ ለየብቻ በሳፋ ውስጥ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከዚያም ውስጣቸው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይሰጣሉ። የታጠቡበት ውሃ መጸዳጃ ቤት ይደፋል እንጂ ግቢ ውስጥ አይደፋም።